የአንጥረኛው ቆሎ

እዚህ አሜሪካ፣ ከልጅ ልጄ ጋር ከምንኖርበት ከኦሮራ ተነስተን ዴንቨር ገበያ ሄድን። ዙኒ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆነች አንዲት ሴት፣ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ሰማያዊ ድንጋዮች ብር ላይ ትሰካለች። የጋለው ብር ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

እናቴ የአንገት መስቀል ልታሠራልኝ አንጥረኛው ቤት ወስዳኛለች። ሰውየው ወናፉን እየነፋ ብሩን አቀለጠ፣ ቀጠቀጠ፣ ሞረደ፤ መስቀሉን አንገቴ ላይ አሰረልኝ። ከዚያ ትኩስ ቆሎ ዘገነልኝ። እናቴ እጄን መታ አድርጋ ቆሎውን መሬት ላይ አራገፈችው።

"ቡዳ ነው፤ ይበላሻል!" አለችኝ በሹክሹክታ።

እሱ ግን ሰምቷል። "እሜቴ፣ መስቀሉንም እኮ የሠራው ይኸው እጅ ነው" አላት ፈገግ ብሎ።

ነገሩ በደንብ አልገባኝም። ግፍ ግን ያኔም አልወድም ነበር፤ እናቴ ዞር ስትል ከመሬት ጥቂት አንስቼ ቃምኩ። ምንም አልሆንኩም።

"አያቴ፣ ሌትስ ጎ!" የልጅ ልጄ ጎተተችኝ።

"ቆይ!" አልኳት። ያንን ሰው ሰፈሩ ሁሉ አንጥረኛው ብቻ ይለው ነበር፤ እኔም ስሙን ሳልጠይቅ አረጀሁ። ሴትየዋ ቀና እስክትል ጠበቅሁና በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ፣ "ስምሽ ማነው?" አልኳት።