ሜላት በመለኪያ ያረጋችው ብርዝ

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የሳቅሁባት እኔ ነኝ። ሜላት ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም ስትመለስ፣ ከመናኸሪያ በባጃጄ የጫነችው ዕቃ አንድ ሻንጣና አንድ ካርቶን ሙሉ የአረቄ መለኪያ ነበር። «አረቄ ቤት ልትከፍቺ ነው?» ብላት፣ «አይ ጋሽ ጌታሁን፣ በረዶ ልሠራበት ነው» አለችኝ። ወይ ጉድ! እስከ ቤቷ ድረስ እየሳቅሁ ነዳሁ። እሷም ካርቶኑን ታቅፋ ትስቃለች።

ሜላት ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ አምስት ዓመት ከባንኮኒ ኋላ ቆማ ኮክቴል ስትቀምም የኖረች ልጅ ናት። ጎምዛዛውን ከጣፋጩ፣ የሚያቃጥለውን ከሚያቀዘቅዘው ማዋሐድ ትችልበታለች። እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ሠራተኛ ቀነሰና አገሯ ገባች። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ዕድሉን ይራገም ነበር፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። እሷ ግን ያንን የሆቴል ቅመማ በመለኪያ አርግታ፣ እንጨት ሰክታበት፣ በሚያዝያና በግንቦት ሐሩር ለሰርገኛና ለማኅበርተኛ ላቅርብ ብላ ተነሣች።

መጀመሪያ ዳጊም፣ ያንን ሁለቴ የወጣውን አረቄ፣ በሎሚ አዋሕዳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። አረቄ ይረጋል እንዴ? ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ውኃ ቀጥኖ ቀረ። ቀጥሎ ጠጅ ሞከረች፤ እሱም እንደ ቀጠነ ገንፎ ሆነና እንጨቱ አልቆም አለ። «ተይው አንቺ ልጅ፣ መጠጡ ራሱ እምቢ እያለሽ ነው» አልኳት። አልሰማችኝም። ስካሩን ትታ ጣዕሙን ያዘች። ያልተብላላ ብርዝ በሎሚና በዝንጅብል ቀመመች፤ ጤና አዳም ነክራ አወጣችበት። ማንጎም ጨምቃ አረጋች፤ ጫፉ ላይ ሚጥሚጣ ነሰነሰችበት። ጥርሷ እስኪደነዝዝ ቀመሰች፤ በደብተር ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ደግሞ ጻፈች። እንጨቱን ከቀርከሃ ፈልጣ፣ በአሸዋ ወረቀት አለስልሳ፣ ቀቅላ ታሰጣዋለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዋ ሲቀልጥባት ደግሞ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ ለምና ግድግዳው ድርብ የሆነ ሣጥን አሠራች፤ በመሐሉ ሰጋቱራውን ጠቀጠቀችው። እዚያ ውስጥ የገባ በረዶ ግማሽ ቀን አይነቃነቅም። ያኔ ነው መሳቄን ያቆምኩት። እንዲያውም አፈርኩ።

አንድ ቀትር ላይ የጎረቤታችን የማንኩሳ ከተማ ቄስ፣ አባ ቴዎፍሎስ፣ ፀሐይ አቃጥላቸው ደጇ ላይ አረፍ አሉ። ሰጠቻቸው።

«ለጾመኛ ይሆናል? ወተት አለበት?» አሉ።

«የለበትም አባ።»

«የሚያሰክርስ ነገር?»

«እሱም የለበትም።»

እስከ እንጨቱ ጨረሱትና «እንግዲያው ለቅዳሜው ዕርቅ ትሠሪልናለሽ» አሏት።

ይህ ዕርቅ ቀላል ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት ማንኩሳ አንድ ሰርግ ላይ የአቶ ይሄይስ ልጅ ቴዎድሮስ አረቄ ጠጥቶ ዳኘው የሚባለውን ጎረምሳ በዱላ መታው። የዳኘው ቀኝ ክርን ተሰበረ፤ ጠማማ ሆኖም ገጠመ። ያ ልጅ ዛሬ እርፍ መያዝ አይችልም። እናቱ እማማ ባንቺአየሁ የሙት ሚስት ናቸው፤ ወንድሞቹ የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተዋልና የሚያርስላቸው እሱ ነበር። «ከይሄይስ ቤት የወጣ ነገር በአፌ አይዞርም» ብለው ማሉ። ሽማግሌዎች ዓመት ሙሉ ተመላልሰው፣ በስንት ልመና፣ እሺ አሰኟቸው። በአገሩ ደንብ ተበዳይ አብሮ ከቀመሰ ዕርቁ ጸና፤ ሳይቀምስ ከተነሣ ፈረሰ። ከፈረሰ ደግሞ የዳኘው ወንድሞች ዱላቸውን ይዘው እንደሚወጡ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ሽማግሌዎቹ ጠቡን ያመጣው መጠጥ ነውና አረቄም ጠጅም ጠላም አይግባ ብለው ነበር። ብርዝ በብርሌ ቢቀርብ ከሩቅ ላየው ጠጅ ነው፤ ማን ያምናል? ለስላሳ እንዳይሉ ደግሞ ለዕርቅ አይመጥንም። ስለዚህ መጀመሪያ በአፍ የሚዞረው የሜላት በረዶ እንዲሆን ተቆረጠ። አስቡት! የሁለት ቤተ ዘመድ ሰላም በአንዲት የሆቴል ልጅ ሣጥን ውስጥ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሣጥኑን ጫንን። ሜላት መንገዱን ሙሉ «ቀስ ብለው ይንዱ ጋሽዬ» ትለኛለች። ቀስ አልኩ፤ እኔ ለራሴ ሚስትም ያን ያህል ቀስ ብዬ አላውቅም።

አቶ ይሄይስ ግቢ ዳስ ተጥሏል፤ ዳኘውም «እናቴ ያለችው ይሁን» ብሎ ከእናቱ ጎን ተቀምጧል። ቴዎድሮስ የይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ የእማማ ባንቺአየሁ እግር ሥር ወደቀ፤ አባ ባረኩ፤ እማማም «ይማርህ» አሉ፤ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ከዚያ ሜላት ሣጥኗን ከፈተች። ነጭ ሽርጥ፣ እጇ ላይ የላስቲክ ጓንት፣ ልክ እንደ ሆቴሉ። ተንበርክካ በሁለት እጇ መጀመሪያ ለእማማ ሰጠች፤ ቀጥላ ለአባ፣ ለሽማግሌዎቹ፣ ለዘመድ አዳረሰች።

ማንም አልበላም።

እማማ ባንቺአየሁ በረዶውን ቀጥ አድርገው ይዘው ወደ ፊት ያያሉ። ሌላው ሁሉ እሳቸውን ያያል። እሳቸው ሳይቀድሙ ማን ይደፍራል? የግንቦት ፀሐይ ደግሞ ዳሱን ሰንጥቃ ትገባለች። ብርዙ ጠብ፣ ጠብ እያለ በእጃቸው ወርዶ ነጠላቸውን ነካ። ከኋላ ያሉት የዳኘው ወንድሞች ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። አንደኛው ተነሥቶ ቆመ። አቶ ይሄይስ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሜላት ጣዕሙ ያስጠላቸው መስሏት ከንፈሯን ትነክሳለች።

ኧረ የኔ ነገር! ያኔ ገባኝ። አልቀመሰችላቸውም! በእኛ አገር አሳላፊ መጠጥ ሲያቀርብ ቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ይህን ጠጥቼ ደኅና ነኝ፣ አንተም ጠጣ ማለት ነው። በሆቴል ግን የእንግዳን ነገር በአፍ መንካት ከሥራ ያስባርራል። አምስት ዓመት እንዳትቀምስ ያስተማሯት ልጅ፣ ደም ሊፈስ በነበረበት ዕርቅ ላይ ሳትቀምስ ሰጠች። «ቅመሽልኝ» ማለት ደግሞ «መርዛችሁኛል» ማለት ነውና እማማ አይናገሩትም፤ ቢሞቱም አይናገሩትም። እኔም ከዳሱ ጥግ ሆኜ ብጮህ ያው ነው።

ሜላት የእማማን ዓይን ተከትላ አየች። ዓይናቸው ከጓንቷ ላይ አልነቀል ብሏል። እጇን አየች፤ እንደ ገና እሳቸውን አየች። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ሄዳም ፊታቸው ተንበረከከች። «ይቅርታ እማማ፣ ደንቡን ስቼ ነው» አለች። የቀለጠውን በረዶ ከእጃቸው ተቀብላ ጫፉን በጥርሷ ገምጣ ዋጠችና መልሳ ሰጠቻቸው። የተገመጠ ነገር! ለእንግዳ! ሆቴል ያሠለጠናት ሰው ቢያይ ያብድ ነበር። እኔ ግን እንደዚያን ዕለት በሰው ኮርቼ አላውቅም። እልል በል፣ እልል በል አሰኘኝ።

እማማ በረዶውን ተቀብለው ትንሽ አዩት። ከዚያ ነከሱ።

«ኧረ ወዲያ፣ ጥርሴን!» አሉና ጉንጫቸውን ያዙ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አባ ነከሱ፣ ሽማግሌዎቹ ነከሱ፤ የቆመው ወንድም ቁጭ አለ። እኔም አንዱን አንሥቼ በልቼ ዝንጅብሉ አስነጠሰኝ።

ዕርቁ አለቀ ብለን ነበር። እማማ ባንቺአየሁ ግን እስከ እንጨቱ ከጨረሱ በኋላ ተነሥተው ወደ ሜላት ሣጥን ሄዱ። ጎንበስ ብለው አንድ አወጡና ዳሱን አቋርጠው ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ወደ ተቀመጠው ቴዎድሮስ ዘለቁ። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ለእሱ ማንም አልሰጠውም ነበር፤ ሜላትም አልደፈረችም፤ እሱም አልጠየቀም። የልጃቸውን ክንድ የሰበረው ሰው ፊት ቆመው፣ ጥርሳቸው እያመማቸው ጫፉን ገመጡ፣ ዋጡ፣ ዘረጉለት።

ቴዎድሮስ በሁለት እጁ ተቀበለ። መብላት ግን አልቻለም፤ እንባው በእጁ ላይ ከብርዙ ጋር ይወርዳል።

«ብላ እንጂ ልጄ» አሉት፣ «ሊቀልጥብህ ነው።»