በፈረስ የተለካ ትንፋሽ

እንጅባራ ውስጥ ስፖርት አስተምራለሁ። ማስተማር ከተባለ ነው፤ ያለን አንድ ኳስ ነው፣ እሱም ትንፋሽ ያጥረዋል። ቢሆንም ሰውነት አቅሙ እስኪሟጠጥ ሲሠራ በደቂቃ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል፣ የልብና የሳንባ ብርታትም በዚህ እንደሚለካ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በደንብ ለመለካት ጭንብል አጥልቆ በመሮጫ ማሽን ላይ መሮጥ ያስፈልጋል። ማሽን ስለሌለን ሥዬ አሳያለሁ። ተማሪዎቼ ሥዕሌ የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል ይላሉ።

አባቴ ጥርባ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከክረምት ወዲህ በስልክ ሲያወሩ ድምፃቸው ይቆራረጣል። ምነው ስላቸው ኔትወርኩ ነው ይሉኛል። ኔትወርክ ሲያስል የሰማሁት ያኔ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ካልሁ ደግሞ ቁጣ ነው፤ እናቴ ሐኪም ቤት ገብታ በሕይወት አልወጣችም፣ ከዚያ ወዲህ የሐኪም ስም አይነሣባቸውም። እኔ ግን ፈርቻለሁ። እሳቸውንም እንዳላጣ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዝቼ እጃቸው ላይ አሰርሁላቸው። ሰዓቱ ኦክስጅን አይለካም፤ ሰውየው የተጓዘበትን ፍጥነትና የልቡን ምት አይቶ አቅሙን ይገምታል። ፈጥኖ እየሄደ ልቡ የማይቸኩል ሰው ብርቱ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኋቸው። ከፍ ካለስ ዝም ትያለሽ ወይ አሉኝ። እርግጠኛ ነበርሁና ተስማማሁ።

በሳምንቱ ስመለስ ሰዓቱ አባቴን ከታወቁ ሯጮች ተርታ አሰልፏቸው ጠበቀኝ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ እንግዳ ሳይቀር እጃቸውን ይዞ አይቷል። ዲግሪዬን ለሰጠኝ ዩኒቨርሲቲ ልመልስ ምንም አልቀረኝ። ግራ ሲገባኝ የት የት እንደሄዱ ጠየቅኋቸው። ቤተ ክርስቲያን፣ ጥሊሊ ገበያ፣ ዕድር። በምን እንደሄዱ ስጠይቅ ጥያቄው ራሱ አስገረማቸው።

"በፈረስ ነዋ።"

የአገው ፈረሰኛ ልጅ ሆኜ ይህ አልታየኝም! ሰዓቱ የፈረሱን እግርና የአባቴን ልብ አጋጥሞ አንድ ጀግና ፈጥሯል። ሣቅሁ፤ እሳቸውም ሣቁ፣ ግን ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። በሉ እንግዲህ አትሌቱ፣ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ በእግር እንሂድ አልኋቸው። ፈረሱን እዚያው አስረነው ወጣን።

አጥሩ ሩቅ አይደለም። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙና የጎረቤቱን የገብስ ማሳ ማድነቅ ጀመሩ። ገብሱ ከታጨደ ሰንብቷል። ልቀልድባቸው አፌን ስከፍት ክንዴን ያዙኝ፣ ክብደታቸው ሁሉ መጣብኝ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"ድሮ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ነበር የምሄደው" አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። "ፈረሱን ያዘወተርሁት መራመድ አቅቶኝ ነው። አንቺ እንዳታውቂብኝ ብዬ ነው።"

የማሾፍ ችሎታዬ ያን ጊዜ ከዳኝ። አጥሩን ትተን መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ሰዓቱን ከእጃቸው ፈታሁት። የሐኪም ቤትን ነገር ያነሡት እሳቸው ናቸው።

"እናትሽን ያስገቧት ብቻዋን ነበር" አሉኝ። "እኔን ስትወስጂኝ አብረሽኝ ትገቢያለሽ?"

እገባለሁ አልኋቸው።