የእህት ዘነበች መዝሙር በእኔ ስም

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለፓስተሬም አልነገርኩም። ስጸልይ እንኳ "በደሌን ሁሉ ይቅር በለኝ" ብዬ በጅምላ ነው የማልፈው፤ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል። እኔ የሰው መዝሙር የራሴ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ይኸው፣ ወጣልኝ።

ዛሬ ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ኩባንያ ሊያቋቁሙ የሚነሱ የሐበሻ ልጆች ምክር ይጠይቁኛል። "ከሁሉ በፊት የምትሸጡትን ነገር ማን እንደሠራው እወቁ፤ ሰውዬውን ፈልጋችሁ አስፈርሙት፤ ወንድማችሁም ቢሆን አስፈርሙት" እላቸዋለሁ። ቁጭ ብለው ይጽፋሉ። "ጋሼ፣ አንተ ይሄን እንዴት አወቅህ?" ያለኝ እስካሁን የለም። ቢጠይቁኝስ እውነቱን እነግራቸው ነበር? የለም፣ እዋሽ ነበር። ውሸቱን ለምጄዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ሰው ሁሉ የስልኩን ጥሪ በሚወደው ዜማ ለመቀየር በሚሻማበት ዘመን ነው። ቀን ቀን ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከሥራ ስወጣ ካማው ከሚባል ኬንያዊ ጓደኛዬ ጋር ዌስትላንድስ በተከራየናት አንዲት ክፍል የስልክ ጥሪ ዜማ እንሠራለን። እሑድ ደግሞ ኢስትሊ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ መቆጣጠሪያው፣ ሚክሰሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። መዘምራኑ የሚዘምሩትን ሁሉ እቀዳለሁ። ለምን ትቀዳለህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

እህት ዘነበች ከመዘምራኑ አንዷ ናት። ስደተኛ ናት፤ ኢስትሊ ልብስ እየሰፋች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ያን መዝሙር ያወጣችው አከራይዋ ዕቃዋን ደጅ በጣለባት ሳምንት ነው። በሰው ደጅ ተቀምጦ እግዚአብሔርን ስለሚያመሰግን ሰው የሚናገር መዝሙር ነው። መጀመሪያ የዘመረችው ቀን ሚክሰሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እንግዲህ ፍረዱኝ፣ አልቅሼበት ነው የወሰድኩት!

እኛ ዘንድ መዝሙር የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። የጌታ ነው ይባላል፤ ዘማሪዋም "ክብሩ ለእሱ" ብላ ትቀመጣለች። እኔ ይህን ልማድ እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ዘነበችን ሳልጠይቅ ከዜማዋ የስልክ ጥሪ ሠራሁ። ተወደደ። አንድ እሑድ እየሮጠች መጣችና "ወንድሜ፣ ማታቱ ታክሲ ውስጥ የማላውቀው ሰው ስልክ በእኔ መዝሙር ጮኸ እኮ! ጌታ እንዴት አድርጎ አደረሰው?" አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? "ጌታ ይመስገን!" አልኩ። ኤጭ! ያን ጊዜ "እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ ሳልጠይቅሽ" ብላት ምን እሆን ነበር? ትስቅ ነበር። ትመርቀኝም ነበር፤ ዘነበችን አውቃታለሁ።

ቆይቶ አንድ ትልቅ ኩባንያ ሥራችንን ጠቅልሎ ሊገዛ ፈለገ። የያዝናት ጠበቃ ትንሽ ነገር የማታልፍ ሴት ነበረች። የዜማዎቹን ዝርዝር ወደ ታች ስታነብ ቆየችና በዘነበች መዝሙር ላይ ጣቷን አሳረፈች። የደረሰው ማነው አለች። እኔ ነኝ አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ሰው ካለ አሁኑኑ ንገረኝ፣ አንድ ገጽ ወረቀት እሰጥሃለሁ፣ ታስፈርመዋለህ፣ ያልቃል አለች። በድጋሚ እኔ ነኝ አልኩ። ካማው አማርኛ አያውቅም፤ መዝሙሩ የሌላ ሰው መሆኑን በምን ይጠርጥር?

ለምን? ስንት ዓመት ራሴን ጠየቅሁ። ኢስትሊ የዓለም ጫፍ አይደለም፤ ማታቱ ተሳፍሬ መሄድ ነው። እሑድ እሑድም ፊት ለፊቴ ቆማ ትዘምራለች። ፈራሁ። ዝም ብዬ መቆየቴን እንዳታውቅብኝ ፈራሁ። እምቢ ብትልስ ብዬም ፈራሁ። ደግሞ፣ ልዋሽ እንዴ፣ "ደራሲ" በሚለው ቦታ ስሜን ሳየው ደስ ብሎኛል። ማንም አላስገደደኝም። እኔ ጻፍኩ፣ እኔ ፈረምኩ።

ከዓመት በኋላ ዘነበች በወዳጆቿ እርዳታ የራሷን ሲዲ አወጣች። የመጀመሪያው መዝሙር ያ ነው። የኢስትሊ ሱቆች ማጫወት እንደ ጀመሩ የገዛን ኩባንያ ጠበቆች ደብዳቤ ላኩባት። እሷ የምታነበው አማርኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ይዛ የመጣችው ማን ዘንድ ነው? እኔ ዘንድ። "አንተ ከፈረንጅ ጋር ነው የምትውለው፣ እስቲ አንብብልኝ" አለችኝ።

አነበብኩ። ይህ መዝሙር የተመዘገበ ንብረት ነው ይላል። ደራሲው ብሎ የእኔን ስም፣ የአባቴን ስም፣ አንድ ፊደል ሳያሳስት ጽፎታል። ሲዲውን ከየሱቁ ሰብስቢ፣ አለዚያ እንከስሻለን ይላል። ሁሉንም በደንብ ተረጎምኩላት፤ ስሜን ብቻ ዘለልኩት።

"ማነው ሰውዬው?" አለች።

"ስሙን አልጻፉትም" አልኳት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

ፊቷ አመድ መሰለ። "እኔ ከፍርድ ቤት ጋር ምን አለኝ? ስደተኛ እኮ ነኝ። ወረቀቴን ቢነጥቁኝ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?" አለች። እኔም እንደ ታላቅ ወንድም ሆኜ "ይቅርብሽ፣ ሲዲውን ሰብስቢው" ብዬ መከርኳት። መካሪው እኔ! አሁን ይሄ ሰው ይባላል?

ልትሄድ ተነሳችና ቆመች። "ይህን ያደረገ ሰው ቸግሮት ይሆናል። እኔ ቂም ይዤ መዘመር አልችልም። ና እንጸልይለት" ብላ እጄን ያዘች። ሥራው እንዲቃናለት ለመነች። ልጆቹ እንዲያድጉለት ለመነች። "ጌታ ሆይ፣ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ" አለች። እኔም አሜን አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

ሲዲዎቹን በእግሯ ከየሱቁ ዞራ ሰበሰበች። ከዚያ ወዲህ መዝሙሩን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ዘምራው አታውቅም፤ ሕግ መጣስ ይሆንብኛል ትላለች። የራሷን መዝሙር! አሁን ያሉት ወጣት መዘምራን ጭራሽ አያውቁትም። የእኔ ሥራ ተቃና። ልጆቼም አደጉ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ያን ቀን እጄን ይዛ ማንን ይቅር እንዳለች እስከ ዛሬ አታውቅም።