ያላላሁት ብሎን

ደህና የምትነሳ መኪናዬን በገዛ እጄ ያበላሸሁ ሰው ነኝ። ሌባ ቢያደርገው ይገባኛል፤ ሌባ ምክንያት አለው። እኔ ግን ከሥራ መልስ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሰው ቢያየኝ ዘይት የምለካ መስዬ፣ ናፍታውን ወደ ፖምፓው የሚያስገባውን ቱቦ የያዘውን ብሎን በቁልፍ ትንሽ አላላሁት። ከዚያ ኮፈኑን ዘግቼ፣ እጄን ጠራርጌ ወደ ቤቴ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

መኪናዬ አሮጌ የናፍታ የቤት መኪና ናት። ጎን ለጎን ስንቆም ለማን እንደሚታዘን አይታወቅም። ሁለታችንም ጠዋት ለመነሳት እንቸገራለን፣ ሁለታችንም ስንነሳ እናስላለን። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች "አንተን የሚገዛ ካገኘሁ እሷን ምርቃት አድርጌ እሰጠዋለሁ" ትል ነበር። አሁን እሷ የለችም። ልጃችን አግብታ አዳማ ናት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቴ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮው ብቻ ነው። እኔም እመልስለታለሁ፤ ዜና አንባቢው "እንደምን አመሻችሁ" ሲል "እግዚአብሔር ይመስገን" የማለት ነገር ለምዶብኛል።

መኪናዋ ጠዋት ጠዋት እምቢ ማለት የጀመረችው ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ አይነሳም። የመጀመሪያው ቀን ከእኔ በታች ያለው ጎረቤቴ ሲወርድ አየኝ። የስልጤ ሰው ነው፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ ሱቅ አለው። "ልግፋልህ?" አለ። ብቻውን አልቻለም። ወደ ታክሲ ሰልፍ የሚሄዱ ሁለት ሌሎች ጎረቤቶችን ጠራ፤ አንዷ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ሌላው ከአርባ ምንጭ የመጣ ወጣት ነርስ። ባለሱቁ "ቢስሚላህ!" አለ፣ ነርሱ "በኢየሱስ ስም፣ ተነሺ!" አለ፣ እኔ መሪው ላይ ሆኜ "በስመ አብ" አልኩ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው መኪናዋ ተንገጫግጫ፣ ጥቁር ጭሷን ሦስቱም ላይ ለቃ ተነሳች። ከማን ጸሎት እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

እንግዲህ ጭስ ያጠጣሁትን ሰው ሰልፍ ላይ ጥዬው አልሄድ፤ "ግቡ" አልኩ። ገቡ። በማግስቱም እንደዚያው። ቀስ በቀስ ደንብ ሆነ። ጠዋት መኪናዋ ጋ ይሰበሰባሉ፣ ይገፋሉ፣ ይገባሉ፣ በየመንገዱ አወርዳቸውና እኔ ነፋስ ስልክ ወዳለው መጋዘን፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

መምህርቷ ከፊት፣ ከእኔ ጎን ነበር የምትቀመጠው። በዚያ በኩል ያለው የመስኮት መዘውር ከተሰበረ ቆይቷል። ባለቤቴ በሩ ኪስ ውስጥ ፒንሳ አስቀምጣ በሱ ነበር መስታወቱን የምታወርደው። መምህርቷ የመጀመሪያው ቀን ማንም ሳይነግራት ኪሱን ዳበስ አድርጋ ፒንሳውን አገኘችና መስታወቱን አወረደች። መካኒሳ ስንደርስ ባለሱቁ ከኋላ "ዛሬ ሰውየው ታመመ እንዴ? ቀልድ የለም!" አለ።

በየመሃሉ መኪናዋን ለማዳን መሞከሬ አልቀረም። ባትሪ ቀየርኩ። የናፍታ ማጣሪያ ቀየርኩ። ብርድ ላይ ሞተሩን የሚያሞቁትን ካንዴላዎችም ቀየርኩ። አንዴ ጋራዥ ሲያደርጉ ያየሁትን አስታውሼ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ፖምፓው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እንደ ሐኪም አዳመጥኩ። ጤነኛ ፖምፓ ምን ድምፅ እንዳለው ግን አላውቅም።

"ምን ይላል?" አለ ባለሱቁ።

"ሰላም በልልኝ ይላል።"

"ወዐለይኩም ሰላም በለው። አሁን ግባና ንዳ፣ ሱቅ ልከፍት ነው!"

እውነቱን ለመናገር፣ ለማዳን እቸኩል ነበር ብል ዋሸሁ። እንድቸኩል ያደረገኝ ክረምቱ ነው። አንድ ጭቃማ ጠዋት ሲገፉ መምህርቷ ተንሸራታ በጉልበቷ ወደቀች። ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆነ፣ ጉልበቷ ተላጠ። እሷ ሳቀች። እኔ ግን መሪ ይዤ፣ በደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በመስታወት ሳያት የት ልግባ! በዚያው ሳምንት መኪናዋን ላፍቶ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት።

መካኒኩ የእኔ ቢጤ ነው፣ በዕድሜም በሆድም። የናፍታውን የጎማ ቱቦ አውጥቶ በቦታው እንደ ጉሉኮስ ቱቦ ውስጡ የሚታይ ቱቦ አስገባበትና ሞተሩን አስነሳ። በናፍታው መሃል ጥቃቅን አረፋ ሲሄድ አየን።

"ፖምፓህ አየር ይስባል" አለኝ። "ውስጡ አየር እንዳይገባ የሚያሽጉት ጎሚኒዎች አርጅተዋል። መኪናዋ ቆማ ስታድር ናፍታው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ በቦታው አየር ይገባል። ጠዋት አንተ አየር ነው የምታስነሳው።"

"እኔስ በአየር አይደል የምኖረው?"

"ለእሷ ጎሚኒ ይገኛል። ለአንተ ግን መለዋወጫ የለም፣ ወንድሜ።"

ፖምፓው ወርዶ ተፈታ፣ ጎሚኒዎቹ ተቀየሩ፣ ተገጠመ። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ገና ነካ ሳደርገው ተነሳች። እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ በር ከፍቼ ጠበቅኩ።

ነርሱ ወረደ። "ጋሼ፣ ተፈወሰች! ሃሌሉያ!" ብሎ እጁን አውለብልቦ ወደ ታክሲው ሰልፍ አለፈ። ባለሱቁ ኮፈኑን እንደ በሬ ትከሻ መታ መታ አድርጎ "እንኳን ተገላገልክ!" አለና ሄደ። መምህርቷም ፈገግ ብላ ሰላምታ ሰጥታኝ ተከተለቻቸው። "ግቡ እንጂ" የምትል ቃል አፌ ላይ መጥታ ቀረች። ይህን ሁሉ ጊዜ እንደ በሬ ጠምጄያቸው ኖሬ፣ አሁን ነፃ ሲወጡ መልሼ ልጎትታቸው? ደግሞም አሰብኩ፦ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ቀልዴን ሲሰሙ የኖሩት ሌላ አማራጭ አጥተው ይሆናል። ይኸው ሰልፉን መረጡ።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን መንዳት ሆነ። ሰልፉ አጠገብ ሳልፍ እነሱ ስልካቸውን ያያሉ፣ እኔ መስታወት አስተካክላለሁ። ባዶ መኪና ውስጥ ፒንሳው በሩ ኪስ ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማል። ያ ፒንሳ ድምፅ እንዳለው እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ብሎኑን ያላላሁት ይሄኔ ነው። አየር እንዴት እንደሚገባ መካኒኩ አስተምሮኝ የለ!

በማግስቱ ቁልፉን አዞርኩ፤ አልነሳችም። በሕይወቴ የጠገንኩት ነገር የለም፣ ማበላሸት ግን ተሳካልኝ። ወርጄ፣ የተጨነቀ ፊት አድርጌ፣ ኮፈኑን ተደግፌ ቆምኩ። ማንም አልመጣም። ሰልፉ ስለሚረዝም አሁን በጠዋት እንደሚወጡ አላሰብኩም። የሚገፋኝ የለ፣ የሚነሳ የለ። ገብቼ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። የግቢው ጥበቃ "መሄጃ የለዎትም እንዴ ዛሬ?" ብሎኝ አለፈ።

ብዙ ቆይቶ መምህርቷ እየሮጠች ወረደች። ውሃ መጥቶላት ስትቀዳ አርፍዳለች።

"ጋሼ! ደግሞ እምቢ አለች?"

ድምጿ ውስጥ ሐዘን አልነበረም። ወዲያው ቦርሳዋን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች።

"ተዪው፣ ብቻሽን አትችዪም።"

"ልደውልላቸው፣ እስካሁን ሰልፉ ላይ ናቸው። ይመጣሉ።"

"አትደውዪ። ፖምፓው ምንም አልሆነም" አልኳት። "እኔ ነኝ ያላላሁት።"

"ምኑን?"

"ብሎኑን። ትናንት።"

ኮፈኑን አየች፣ እኔን አየች። ሱሪውን ያረጠበ ሕፃን ሲመጣባት እንደዚህ ሳታይ አትቀርም። አልሳቀችም።

"ለምን ጋሼ?"

ቀልድ ፈለግኩ። ሲፈልጉት የለም።

"ጠፋችሁብኝ" አልኳት።

ቦርሳዋን ከኮፈኑ ላይ አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

"ሳንገፋ ምን ብለን እንግባ?" አለች። "ስንገፋ የድካማችን ነው ብለን ነበር የምንገባው። ቁልፍ አዙሮ የሚሄድ ሰው መኪና ውስጥ ዘው ብንል ምን ይሉናል? እርስዎም ግቡ አላሉን። ጠዋት ጠዋት እኮ ያቺ ሰልፍ ላይ ሦስታችንም እርስዎን ነው የምናማው፤ መኪናዋ ስትድን ረሳን እያልን።"

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩና የብሎን ቁልፌን አነሳሁ። እሷ አጠገቤ መጥታ ወደ ሞተሩ አጎነበሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"በሉ ያጥብቁት" አለች። "እኛ እንዳናፍር ደግሞ፣ ነገ ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት ትንሽ እንገፋልዎታለን።"