ለእንግዶቹ የተዋስናቸው ወንበሮች

እናቴ አሶሳ ገበያ ማንጎ እየሸጠች ነው ፋርማሲ ሁለተኛ ዓመት ያደረሰችኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሌላ ገቢ የለንም። የምማርበት የግል ዩኒቨርሲቲ ለችግረኛ ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ ካላገኘሁት ሦስተኛ ዓመት የሚባል ነገር እንደሌለኝ አወቅሁ።

የድህነት ማረጋገጫ ለማውጣት ቀበሌ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። በመጨረሻ ጸሐፊው «ደብዳቤ ብቻ አይበቃም። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆነን ቤታችሁን እናያለን፤ ሐሙስ ጠብቁን» አለኝ።

ይህ ለእናቴ እንዴት ይነገራል? ቤቷ ሰው ሲመጣ ያላትን ብቻ ሳይሆን የሌላትንም የምታቀርብ ሴት ናት። «ድህነታችንን ሊያዩ ነው» ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። «ሐሙስ ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች ይመጣሉ» ብቻ አልኳት። ጅል ነበርኩ።

ሐሙስ ከክፍል ስመለስ ቤታችን ቤታችን አልመስል አለኝ። የጎረቤት ምንጣፍ ተነጥፏል፣ የጎረቤት ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ካርቶን ላይ የማይበራ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። እንቁላል የምትጥልልን አንዲት ዶሮ ድስት ውስጥ ገብታለች።

«እማ፣ ምን አደረግሽ?»

«እንግዳ ባዶ ቤት ይገባል? ሐራም ነው። አንተ ዝም በል፣ ውሃ አምጣ» አለችኝ። እናቴ አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛዋ እኔ ሴት ልጇም «አንተ» ነኝ።

ውሃውን ሳላመጣ ባጃጅ ደጃፋችን ቆመ። ጸሐፊውና አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ገቡ። ሴትየዋ ፎርሙን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ዙሪያዋን አየች።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ የራስዎ ነው?»

«የኛ ነው። ቢስሚላህ በል፣ ብላ» አለቻት እናቴ፣ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው?»

እናቴ ታየኛለች። በዚያ ሰዓት ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ከአባቴ ሞት ወዲህ አይቼው አላውቅም። «የተዋስነው ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«አዎ፣ የኛ ነው» አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና እጁን ታጠበ።

በማግስቱ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ቢሮ ሄጄ ዕቃው የተውሶ መሆኑን እያለቀስኩ ነገርኳት። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። «እናትሽ መጥታ ዋሽቼ ነው ብላ ትፈርም፣ አስተካክለዋለሁ» አለችኝ። እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠችኝ። ቅዳሜም እሁድም ከእናቴ አጠገብ ማንጎ እየደረደርኩ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ። ሰኞ አለፈ። እሷን ለማዳን ይሁን ራሴን ከማፈር ለማዳን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ እኔ አልነበርኩበትም። እቤት ገብቼ ለነፃ ትምህርቱ እንዳልተመረጥኩ ነገርኳት። እናቴ ወደ ባዶው የዶሮ ቆጥ እያየች፣

«ዶሮው ትንሽ ነበር» አለች። «በግ ብናርድ ኖሮ ይሰጡህ ነበር።»