ትንሽ ድንጋይ ተውላት

ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ሙልጭ» በሚል ቅጽል ነው። ሥራው በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት የሚያፈላውን ቦይለር ማጠብ ነው፤ ሙልጭ አድርጎ ካላጠበ እንቅልፍ አይወስደውም። እቤቱ ግን አንድ ሳህን አንስቶ አያውቅም እያለች ሚስቱ ትስቅበታለች። እሷም እዚያው ልብስ ማጠቢያ ቤት ትተኩሳለች፤ ከቦይለሩ የሚለያት አንድ ስስ ግድግዳ ነው።

ሙልጭ ዕለት ዕለት ውሃው ላይ ፎስፌት ይጨምራል፤ ውሃ ውስጥ ያለው ኖራ ቧንቧው ላይ እንዳይጋገር ይይዘዋል። አምልጦ የተጋገረውን ደግሞ ኢዲቲኤ በሚሉት ነጭ ዱቄት ያሟሟዋል። ይኼኛው ብርቱ ነው፤ ያገኘውን ጨብጦ ከውሃው ጋር ይዞት ይወጣል። ክፋቱ፣ ኖራና ዝገት አይመርጥም።

ከእሱ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ጡረታ ሲወጡ፣ «ልጄ፣ አሮጊቷን ስታጥባት ትንሽ ድንጋይ ተውላት» ብለውት ነበር፤ አሮጊቷ የሚሉት ያረጀውን ቦይለር፣ ድንጋይ የሚሉት የተጋገረውን ኖራ ነው። ሙልጭ የሰነፍ ምክር መሰለውና በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው።

አንድ ቀን አሮጊቷን ሲያጥብ የሚፈሰው ውሃ መጀመሪያ ወተት መሰለ። እዚህ ላይ በቃኝ ብሎ ቢሆን ይህ ወሬ ባልተወራ። እልህ ያዘውና ዱቄቱን ጨመረ፤ ውሃው ቀላ። ማታ ለሚስቱ፣ «ዝገቷ ሳይቀር ወጣ» ብሎ ፎከረ።

በማግስቱ እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ከቦይለሩ ሆድ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማ። ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየ። ድንጋይና ዝገት ደፍነውት የኖረ ስንጥቅ አፉን ከፍቷል። ሽማግሌው ያሉት ያን ጊዜ ገባው፤ አሮጊቷን ይዟት የኖረው ቆሻሻዋ ነበር። ክፉኛ ፈራ። እሳቱን አጠፋ፣ ማስተንፈሻውን ከፈተ፤ የግፊቱ መርፌ ግን ቶሎ አልወርድ አለ። ጠብታው ወደ ፉጨት ተለወጠ።

ወደ መተኮሻው ክፍል ሮጠ። «ቶሎ ውጡ፣ ቦይለሩ ሊፈነዳ ነው» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ሙልጭ አድርጌ አጠብኳት ስትለኝ አልነበር?» አለች ሚስቱ ካውያዋን ሳታስቀምጥ።

«ለሱ ነዋ» አላት።

ፊቱን ስታይ ሳቋ ጠፋ። በሩ ጠባብ ስለሆነ ሌሎቹን ሴቶች እየገፋች አስቀደመች፤ እሷ መጨረሻ ቀረች። ሙልጭ ሊጎትታት እጁን ሲዘረጋ ቦይለሩ ፈንድቶ ግድግዳው ተነሳ፤ እንፋሎቱ ከኋላዋ ደርሶ እስከ እጆቿ ቀቀላት።

አሁን ቤት ውስጥ ሳህን የሚያጥበው እሱ ነው፤ የእሷ እጆች ከእንግዲህ አይጨብጡም። አልጋዋ ላይ ሆና ታየዋለች።

«ዳር ዳሩን ተውከው እኮ» ትለዋለች።

እሱ ዳር ዳሩን ሳይነካ ሳህኑን እንዳለ እንዲደርቅ ይደፋዋል።