ሙሽራውን ጮቄ ያወጣችው ቡሶላ

እንዳላማውን አገሩ ሁሉ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በአፉና በኪሱ። አፉ የሰው ድምፅ ይሰርቃል። ደብረ ማርቆስ ገበያ ውሎ ከመጣ የማር ሻጯን ጭቅጭቅ፣ የቄሱን ሳል፣ የጣልያን ጭፍሮች አለቃ የሹምባሹን «አቫንቲ! አቫንቲ!» አንድ በአንድ እያወጣ ጎረቤቱን በሳቅ ይገድላል። ኪሱ ደግሞ መንገድ ያቀላል የተባለ የፈረንጅ ዕቃ ሁሉ መቃብር ነው።

ጣልያን ከገባ ወዲህ ሰው ሁሉ ጠመንጃ ሲመኝ እሱ ኮዳ ተመኘ። አገኘም። ኮዳው ግን ቀዳዳ ስለነበረው ዳገቱን ሳይጨርስ ውኃው በጭኑ ይወርዳል፤ መንገደኛ ሁሉ ሱሪውን እያየ «ምነው ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» ይለዋል። ቀጥሎ ባትሪ አገኘ። በሳምንቱ ሞተችበት፤ እሱ ግን ፀሐይ ስትሞቅ ትድናለች ብሎ ጠዋት ጠዋት እንደ በርበሬ ያሰጣታል። ከዚያ ቦት ጫማ። ሁለቱም የግራ እግር።

«እግዜር ሲፈጥረኝ ሁለት ደህና እግር ሰጥቶኝ ነበር» ይላል ራሱ፣ በራሱ ሲስቅ። «እኔ አላመንሁትም እንጂ።»

ትምህርቱም እንደ ጫማው ነው፤ ጎዶሎ። አማኑኤል አጠገብ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል። ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ያደረገው አፉ ነው። አንድ ቀን የየኔታ አካለ ወልድን ድምፅ እያስመሰለ ተማሪውን ሲያንከተክት፣ የኔታ ለካ ከኋላው ቆመዋል። እሳቸው አልሳቁም። እሱም ከዚያ ወዲያ እዚያ ደጅ አልታየም። ከትላልቆቹ ተማሪዎች ቃርሞ ያስቀራት አንዲት ነገር ግን ነበረችው፦ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ባንድ ቦታ አትወጣም፤ ስድስት መስኮት አላት፣ በየወራቱ እየቀየረች ትወጣለች። ይቺን ዕውቀት የት እንደሚያውላት ሳያውቅ ዓመታት ይዟት ዞረ። በመጨረሻ ዋለች፤ ባትውል ይሻል ነበር።

አቅጣጫ ጠቋሚዋን ቡሶላ ያገኛት ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ከአንድ አስካሪ፣ ለጣልያን ካደረ ወታደር፣ በዶሮ ለውጦ ነው። ለወንዶች ሲያወራ «ከመኮንን ደረት ላይ ነጠቅኋት» ይላል። ለሴቶች ሲያወራ መኮንኑ ራሱ አልቅሶ የሰጠው ስጦታ ናት። ዶሮዋ በሁለቱም ወሬ የለችም። ክብ ናት፣ መዳፍ የምታህል፣ በመስታወት የተከደነች፣ ውስጧ መርፌ የሚንቀጠቀጥባት።

«ይቺ መርፌ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው የምታይ» አለው አስካሪው። «ብታዞራት፣ ብታንገላታት፣ ተመልሳ ወደዚያው ናት።»

«አትዋሽም?»

«ጣልያን ይዋሻል እንጂ እሷ አትዋሽም።»

እንዳላማው ከዚህ ወዲያ አልጠየቀም። ምን ብሎ ይጠይቅ? ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ይሠራል። ጸሎት ወደ ምሥራቅ ይደርሳል። ሬሳ እንኳ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ነው የሚቀበር። ዕድሜ ልኳን አንድ ወገን ብቻ የምታይ ፍጥረት ከምሥራቅ ሌላ ምን ታያለች? ምስኪን መርፌ! እሷ የምታየው ሰሜንን ነበር።

አንድ ማለዳ ደጁ ላይ ቆሞ ሊፈትናት መርፌዋን ተከትሎ ፊቱን አዞረ። ፀሐይ በቀኝ ትከሻው በኩል ብቅ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እሱ ግን የተማረ ሰው ነው። «አሃ!» አለ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ፤ «መስኮት ቀይራለች!»

በዚያው ሰሞን ሰርጉ ደረሰ። ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ። ሙሽሪት ወለላ የዲማ ሰው የአያ አለበል ልጅ ናት። እንዳላማው አንዴ ሉማሜ ገበያ ላይ አይቷታል፤ የአንድ ጠጅ ጠጪ ሹም አካሄድ እያስመሰለ ሲያልፍ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሴት አልታየውም። ሽማግሌ ልኮ፣ ለምኖ፣ አስለምኖ ተፈቀደለት። አያ አለበል ግን አንድ ቃል ላኩ፦ «ቀኑን እንዳታሳልፍ። ትልቋ ልጄ ሙሽራው ቀርቶባት ዳስ ሥር ተጎልታ አምሽታለች። ሁለተኛ አገር አይስቅብኝም። ካልመጣህ ድረስ የሚባል የጎረቤቴ ልጅ እዚያው ሰርጉ ላይ ተቀምጧል፤ በዳሱ እሱ ይዳርበታል።»

ዲማ ከእንዳላማው መንደር ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፤ ማልዶ ለተነሣ ባለ በቅሎ የአንድ ቀን መንገድ። የወትሮው መንገድ ግን የጣልያን ምሽግ ሥር ስለሚያልፍ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰርገኛ እዚያ ከታየ ሽፍታ ተብሎ ይተኮስበታል። ዞሮ መሄድ የግድ ሆነ።

«በየመንደሩ እየጠየቅን እንዞራለን» አሉ አጎቱ አያ አበረ። ሙሽሪት የምትመጣባት በቅሎ የሳቸው ናት።

«ሙሽራ መንገድ ሲጠይቅ ሰምተው ያውቃሉ፣ አያ?»

«ሙሽራ ሲጠፋስ ሰምተህ ታውቃለህ?»

እንዳላማው ቡሶላዋን ከደረቱ አወጣ። ሚዜው ፈንታ እንዳያት ቁርበት ላይ የተቀመጠ ዝንብ የሚያይ መሰለ። «ኮዳው ሲያፈስ እርጥብ ሱሪ ነበር ያተረፍን» አለ። «ይቺ ስታፈስ ምን ይሆን የምናተርፍ?»

ሲነሡ ጉም አገሩን ውጦት ነበር። እጅን ዘርግቶ ጣትን ማየት አይቻልም። እንዳላማው ደስ አለው፤ ዕቃው የተሠራው ለእንዲህ ያለ ቀን አይደል! ፊት ፊት እየሄደ፣ ቡሶላዋን እንደ መስቀል ከፍ አድርጎ፣ በሹምባሹ ድምፅ «አቫንቲ! ወደፊት!» ይላል። ሰርገኛው ይከተላል። የአያ አበረ በቅሎ ብቻ መንታ መንገድ በተገኘ ቁጥር ወደ ቀኝ ትስባለች። ዲማ ለንግሥ ስትመላለስ የኖረች በቅሎ ናት። በአለንጋ መለሷት።

መንገዱ ዳገት ብቻ ሆነ።

«ጓዴ፣ ይበርዳል» አለ ፈንታ።

«የዓባይ ነፋስ ነው።»

«የዓባይ ነፋስ ይሞቃል እኮን።»

«ገና ጠዋት ነው፤ መቼ ተነሣና!»

ሄዱ፣ ሄዱ። ማሽላና ጤፍ መሬቱ ቀርቶ ገብስ ሆነ። ገብሱም ቀርቶ የውርጭ አገር ሣር፣ ጓሳ ሆነ። ከጓሳው መሐል ደግሞ ሰው የሚያህል የደጋ ተክል፣ ጅብራ፣ ጉሙ ውስጥ ቆሞ ታየ፤ ሰርገኛው ወታደር መስሎት ባንድ ጊዜ መሬት ተኛ።

ፈንታ ጭቃውን ከአዲሱ ኩታው እየጠረገ ተነሣ። «ዲማ ጅብራ አለ እንዴ?»

«የለም ያለህ ማነው? ሄደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያስ!»

ኩበት የተሸከመች ሴት ከጉሙ ወጥታ ስታያቸው ቆመች። «ወዴት ነው ወንድሞቼ፣ እንዲህ አምራችሁ?»

«ዲማ። ለሰርግ።»

ሴትዮዋ አማተበች። ኩበቱን አወረደች። «ዲማ! ጮቄ ተራራ ላይ ቆማችሁ ነው ዲማ የምትሉኝ? ዲማ እኮ ወደ ኋላ ነው፤ ቁልቁል! ከዚህ በላይ ያለው ሰማይ ነው።»

አያ አበረ በቅሏቸውን አንገቷን አሻሹና «የኛ ሙሽራ በርትቷል» አሉ። «ሙሽሪት ሰማይ ቤት ካለች ደርሰንላታል።»

ጉሙ ተገለጠ። ፀሐይ ከግራቸው ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል ሁሉም አየ። ፈንታ ወደ እንዳላማው ዞሮ «መስኮት የቀየረችው ፀሐይ ብትሆን ምናለ ነበር» አለ። «ወለላ እንዳትሆን ነው የኔ ፍራት።»

በእንዳላማው ዓይን የሚመጣበት ያ የጎረቤት ልጅ፣ ድረስ ነበር፤ ዳሱ ሥር፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ ሲጠብቅ።

ሴትዮዋ ቤት አደሩ። በማግሥቱ ሙሽራው ራሱ ፊት ፊት እየሮጠ፣ ያገኘውን እረኛና መነኩሴ ሁሉ «ዲማ በየት ነው እናንተው?» እያለ ወረደ። ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ዳሱ አልፈረሰም። ድረስም አልሄደም፤ እንዲያውም የታጠበ ኩታ ለብሷል።

በሩ ተዘግቷል። አያ አለበል በርኖሳቸውን ደርበው በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ።

«ስማኝ» አለ ፈንታ በሹክሹክታ። «ምሽጉ ጋ ተኩስ ገጠመን በል። ቀኑን ሙሉ ተታኮስን። ማን ይጠይቅሃል? ጀግና ሆነህ ትገባለህ።»

ወሬ ማሳመር ለእንዳላማው ከመተንፈስ ይቀለዋል። ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ አለበል፣ እንደምን ሰነበቱ። ምሽጉ ጋ ስንደርስ ጣልያን…»

በሩ ትንሽ ተከፈተና ጥቁር የለበሰች ሴት ብቅ አለች። የወለላ አክስት ደብሪቱ ናት። ባሏ ባለፈው ወር በዚያው ምሽግ ላይ ወድቋል። የሁሉንም ፊት ባይኗ ቆጠረች። «ሰው ሞተባችሁ? የማን ልጅ ነው የቀረው?» አለች። እጇ ደረቷ ላይ ወጥቷል፤ ልትመታው።

እንዳላማው ጥቁር ልብሷን አየ።

«ማንም አልሞተ፣ እታለም» አለ። «እኔ ነኝ ደንቆሮው። ጮቄ ወጥቼ ነው።»

«ምን?» አሉ አያ አለበል።

ከዚያ ወዲያ አፉን የሚመልሰው ጠፋ። ዶሮዋን ጭምር ተናገረ። ሬሳና ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ነውና መርፌዋም ወደ ምሥራቅ ናት ብሎ እንደፈረደ፣ ፀሐይን መስኮቷን እንዳስቀየራት። በቅሎዋ ወደ ቀኝ ስትስብ አንገቷን እንዴት እንዳደረገች አሳየ። «የዓባይ ነፋስ ነው!» እያለ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ አሳየ። ከጅብራው ፊት መሬት ላይ ተኛ፤ እውነተኛው ጭቃ ላይ፣ በሙሽራ ልብሱ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ «እጄን ሰጥቻለሁ!» ጅብራውን ሲለው። የኩበቷን ሴትዮ ድምፅ ሲያወጣማ ፈንታ እንኳ ትናንት ያልሳቀውን ሳቀ።

መጀመሪያ የተሰማው ከዳሱ ውስጥ ነው፤ ከሙሽሪት ካባ ሥር የታፈነ ሳቅ፣ እንደ ማስነጠስ የሚቆራረጥ። ቀጥሎ ደብሪቱ። ጥቁር ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ መጀመሪያ የምታለቅስ ነበር የመሰለ። አያ አለበል እኅታቸውን አዩ። ባሏ ከወደቀ ወዲህ ስትስቅ ያዩት ያን ቀን ነው።

ድረስ ብቻ «ታዲያ ለጅብራ እጅ ለሚሰጥ ነው ልጅ የሚዳር?» አለ።

«አንተ ብትሆን ጮቄ ደርሰህ ትመለስ ነበር?» አሉት አያ አለበል። ከዚያ ወደ እንዳላማው ዞሩ። «ቀኔን በልተህብኛል፤ አልረሳልህም። ስጋው አልቋል፤ ጎመንና ጠላ ነው የቀረው። ግባ፣ ቅሌታም።»

ገባ። ጎመኑን እንደ ፍሪዳ ጎረሰው።

በማግሥቱ ሚዜዎቹ ሙሽሪትን ተሸክመው በቅሎዋ ላይ አስቀመጧት። እንዳላማው ከልማዱ የተነሣ ፊት ሊቀድም ሁለት እርምጃ ተራመደ። ወለላ ከካባዋ ሥር ድምፅዋን አሰማች፤ ለባሏ የሰጠችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አያ አበረ ፊት ይሂዱ።»

እሱም ከበቅሎዋ ጭራ ኋላ ተሰለፈ።